በእጅ የሚበጠሰው ክር

ባለፈው ቅዳሜ ላንቻ ከምንኖርበት ሕንፃ በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ፣ ታች ግቢው ውስጥ አንዲት ወጣት ጎረቤታችን የመኪናዋን በሮች ሁሉ ከፍታ ስትታገል አየኋት። ስልኳን ዳሽቦርዱ ላይ አቁማ፣ ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ የሚላትን እየሰማች፣ በካርቶን የመጣ የወንበር ልብስ ታለብሳለች። መጀመሪያ ፈገግ አልኩ። አጎታተቷ የጀማሪ ነው። ቀጥሎ ግን የሾፌሩን ወንበር ጎን አየሁና ልብሱን በባልዲው ትቼ በነጠላ ጫማ ወረድኩ።

«ቆይ ልጄ፣ ቆይ» አልኳት።

«ምነው ማዘር? አበላሸሁት እንዴ?»

«የግራውን ለቀኝ አልብሰሽዋል። ይሄ ክፍት የሆነው ጎን በበሩ በኩል ነው መሆን ያለበት።»

«እ… ማለቴ፣ በቃ ልብስ እኮ ነው። ያው አይደል?»

ያው እንዳልሆነ አሳየኋት። ወንበሩ ጎን ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አስነበብኳት። ከዚያች ጨርቅ ጀርባ፣ መኪናው በጎን ሲመታ ተተኩሶ የሚነፋ ከረጢት፣ ኤርባግ የሚሉት፣ ታጥፎ እንደተቀመጠና መውጫው ከተዘጋ እንደማይጠብቃት ነገርኳት። አብረን አውልቀን አቀያየርነው። ስንጨርስ አመሰገነችኝና ድንገት እጄን አየች።

«እጅዎ ይንቀጠቀጣል እኮ።»

«እርጅና ነው» አልኳት።

እርጅና አልነበረም። ፍርሃት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የለቀቀኝ መስሎኝ ነበር። ማታ ለልጄ ስነግራት «እማዬ፣ ጻፊውና ይውጣልሽ» አለችኝ። ይውጣልኝ አይውጣልኝ እንጃ፤ ጻፍኩት።

ሥራ የጀመርኩት ለገሃር አካባቢ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋ ቤት ነው። አሠሪያችን እትዬ አበበች መንገድ እንዳናይ መስኮቱን በካርቶን ያሸጉ ሴት ነበሩ። ባቡር ጣቢያውን አጠገቡ እየሠራሁ ሳላየው ዓመታት አለፉ። ቀጥ ያለ ስፌት እዚያ ተማርኩ፤ ክፉ አልናገርም። ከዚያ አንድ ትልቅ ጋራዥ የወንበር ልብስ የሚሰፋ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ። የክፍሉ አለቃ ሻለቃ ይባላል እንጂ ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ እየጮኸ ስለሚያዝ የወጣለት ስም ነው። ለሻለቃ ጥሩ ሥራ ማለት ቶሎ ያለቀ ሥራ ነው። ስፌቱ ይዘመም፣ ክሩ ይንጠልጠል፣ ግድ የለውም። ደሞዙ ትንሽ ስለነበር ስለሱ የምለው የለኝም።

ጋሽ ሰይድን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ልብስ ቆራጭ ነበሩ። የወሎ ሰው፣ ረጅም፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ ሻለቃ ሲጮህባቸው «እሺ፣ አብሽር» ብለው በራሳቸው ፍጥነት የሚቀጥሉ። ጋራዡ የወንበር ክፍሉን ሲዘጋ ካዛንቺስ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራዩና ጠሩኝ።

«የሺ፣ ማሽን አለኝ። እኔ እቆርጣለሁ። የሚሰፋልኝ የለም።»

«እኔ ብቻዬን?»

«እኔና አንቺ። ሌላ ሰው ከመጣ ቤቱም አይበቃን።»

ከዚያ በኋላ ሌላ አለቃ አላየሁም። እሳቸውም አለቃ አልነበሩም፤ ምን እንደነበሩ ዛሬም ስም አላገኘሁላቸውም።

ደንበኞቻችን የካዛንቺስና የአካባቢው የመንግሥት ሠራተኞች፣ አስተማሪዎች፣ ሱቅ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ጥሪታቸውን አሟጠው የገዙትን መኪና እኛ ደጅ አሳድረው መሄድ ይፈራሉ። ስለዚህ ወንበሩን ሄደን እንለካለን፣ ቤታችን እንሰፋለን፣ ከዚያ ግቢያቸው ድረስ ተሸክመን ሄደን እናለብሳለን።

የጋሽ ሰይድ አሠራር እስከዛሬ እጄ ላይ አለ። ግቢው ውስጥ እንደገባን የመኪናውን ኮፈን ከፍተው የባትሪውን ገመድ ይፈታሉ። ከዚያ ሥራ አይጀምሩም። ከኮፈኑ ሥር ፌስታላቸውን አንጥፈው ይቀመጡና በፔርሙስ ያመጣነውን ሻይ እንጠጣለን። የተረፈው ኤሌክትሪክ ከሽቦው እስኪወጣ ነው። ባለቤቱ «ለሻይ ነው እንዴ የመጣችሁት?» ቢል እንኳ አይቸኩሉም። የሰፋነውን ልብስ ፀሐይ ላይ ይዘረጉታል፤ ቆዳ መሰሉ ጨርቅ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ማዕዘኑ ላይ ሳይሸበሸብ ይገባል። ከወንበሩ ሥር የተገኘ ነገር ሁሉ፣ የፀጉር መርፌም ብትሆን፣ ባለቤቱ እያየ ዳሽቦርዱ ላይ ይደረደራል። ደግሞ ሳይለኩ በፊት እያንዳንዱ ወንበር ላይ ይቀመጡበታል፤ የኋላው መሐል ላይም ሳይቀር። «ወንበር በዓይን አይለካም» ይሉ ነበር። «ሰውየው የሚያጋድለው በየት በኩል እንደሆነ ስፖንጁ ይነግርሻል።»

የጎን ከረጢት ያላቸው መኪኖች መምጣት ሲጀምሩ አብዛኞቹ የሙያ ጓደኞቻችን ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ጋሽ ሰይድ ግን አንድ የሚያውቁት መካኒክ የተፈታ ወንበር ላይ ሲያፈነዳው አይተው መጡ። ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

«እንደ ጥይት ነው የሺ። ዓይንሽን ሳትጨፍኚ ወጥቶ አለቀ። እኛ ብንዘጋው ኖሮ የት ይሄድ ነበር?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓይነት ክር ያዝን። ሌላው ስፌት ሁሉ በናይለን ነው፤ ናይለኑ ጎትተው አይበጥሱትም። በበሩ በኩል ያለችው፣ ከረጢቱ የሚወጣባት ስፌት ግን በስስ የጥጥ ክር ትሰፋለች፤ ሲገፋት ተበጥሳ እንድትከፈት። ደንበኛው መስመሯ እንዲታየው ስለማይፈልግ ሁለቱም ክር ጥቁር ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት ሚስማር መቱ፤ በቀኝ ናይለን፣ በግራ ጥጥ። ያቺን ስፌት ከሳቸው በቀር ማንም አይሰፋትም ነበር። ሰፍተው ሲጨርሱ ትርፍ ቁራጭ ላይ አንድ ስንዝር ደግመው ይሰፉና በሁለት ጣታቸው ይዘው ይስቡታል። ጠስ ይላል። «ይሄ ነው» ይላሉ። ወንበሩ ላይ ደግሞ ከማልበሳቸው በፊት መዳፋቸውን በጎኑ ያሳልፋሉ፤ የታጠፈው ከረጢት ከስፖንጁ ሥር ጠጠር ብሎ ይዳሰሳል። ውጭ አገር ተመትተው፣ ከረጢታቸው ወጥቶ የመጡ መኪኖች አሉ። መዳፋቸው ባዶ ካገኘ ለባለቤቱ ይነግሩታል፤ «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ የሚጠብቅህ ነገር የለም፣ እወቀው» ብለው።

ለምን ይሄን ሁሉ እንደምዘረዝር አሁን ይገባችኋል።

ካዛንቺስ መፍረስ የጀመረችበት ጊዜ ነበር። የኛ ረድፍ ገና አልደረሰም፤ ግን ጠዋት ስንመጣ ትናንት የነበረ ግንብ የለም። አንድ ቀን ጋሽ ሰይድ «ለቅሶ አለብኝ፣ እዘገያለሁ» ብለው ደወሉ። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል፣ የቀረው የጎን ስፌቷ ብቻ ነው። «እኔ ልስፋት?» ብዬ ብጠይቃቸው «ስፊያት፣ ግን ፈትኛት» አሉኝ።

ከግራው ሚስማር ክሩን አወረድኩ። ከመስፋቴ በፊት ጫፉን ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ሳብኩት። ሥጋዬ ውስጥ ገባ እንጂ አልተበጠሰም። በሁለት እጄ ሳብኩት። በጉልበቴ ይዤ ሳብኩት። ናይለን ነበር።

እዚያው ቆሜ አንድ ሐሳብ ብቻ መጣልኝ፤ ትናንት የለበሰችው መኪና።

ትናንት ከደምበል ጀርባ የመምህርት ትርሲትን መኪና አልብሰን ነበር የገባነው። ደንበኛችን ናቸው፤ ሳቂታ ሴት። «ነገ በጠዋት ሐዋሳ ሠርግ አለብን፣ ሔለንን በአሮጌ ወንበር አልወስዳትም» ብለው ነበር። ሔለን ልጃቸው ናት፤ ነፍሰ ጡር። ከፊት ነው የምትቀመጠው፤ ወንበሩን ያስተካከልንላት እኛው ነን።

ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደንበኛውን «ይቅርታ፣ ዛሬ አይደርስም» ብዬ ቤቱን ቆለፍኩና በታክሲ ደምበል ወረድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ምናልባት አርፍደው ከሆነ ብዬ ነው። ዘበኛቸው በሩን ገርበብ አድርጎ «በጠዋት ወጡ እኮ። አሁን ሞጆን አልፈው ይሆናል» አለኝ። አጥሩን ተደግፌ እየደጋገምኩ ደወልኩ። የሞጆን መንገድ አውቀዋለሁ፤ የጭነት መኪና ይበዛበታል።

በመጨረሻ ተነሳ። ሔለን ናት።

«ሄሎ? እማዬ እየነዳች ነው። ማን ልበል?»

«የሺ ነኝ፣ የወንበር ልብሷ። ሔለንዬ፣ መኪናውን ከመንገድ አውጡና አቁሙ።»

«ለምን?»

«አቁሙ ብቻ። ከዚያ ከወንበሩ ውረጂ።»

«እማዬ አቁሚ… አቁሚ አለችን!» ስትል ሰማሁ። ቀጥሎ የፍሬቻው ድምፅ፣ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ። ከዚያ መምህርት ትርሲት ስልኩን ተቀበሏት።

«የሺ፣ ምን ሆነሻል? ልጄን አስደነገጥሻት እኮ!»

ነገርኳቸው። የጎኑ ስፌት በማይበጠስ ክር እንደተሰፋ፣ አደጋ ቢደርስ ከረጢቱ መውጫ እንደሌለው። የሚያልፍ መኪና ነፋስ ስልኩ ውስጥ ሲያፏጭ ይሰማኛል።

«እና እስካሁን እንዲህ ሆነን ነው የመጣነው?»

«አዎ።»

«አሮጌው ወንበር ይሻለን ነበር ማለት ነው?»

«አዎ መምህርት። አሁን ይቅደዱት።»

«አዲስ ልብስ?»

«ይቅደዱት በፈጠረዎ። ስለት ነገር አለ?»

ለመንገድ የያዙት የብርቱካን ቢላ ነበር። «ከበሩ በኩል ነው፤ ትንሿ ጨርቅ ካለችበት ትይዩ ከላይ ወደ ታች። ስፌቱን ብቻ፤ ቢላውን ወደ ስፖንጁ አያግቡት» አልኳቸው። ቢላው ስፌቱን ሲጎረጉር፣ ቀጥሎ ጨርቁ ጭርር ብሎ ሲቀደድ ሰማሁ። በዕድሜዬ የሰፋሁት ነገር ሲቀደድ ደስ ብሎኝ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዞረው የሌላውንም ቀደዱት።

«ጨረስኩ» አሉ። ድምፃቸው ተለውጧል። «የሺ፣ ስመለስ እንነጋገራለን።»

«እሺ። ቀስ ብለው ይንዱ።»

ስልኩ ሲዘጋ ዘበኛው ውኃ አመጣልኝ። ጠጥቼ ሳልጨርስ ሁለተኛው ፍርሃት መጣ። ያ ናይለን የተሰቀለው ትናንት ነው? ባለፈው ሳምንት ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው የግራው ሚስማር ላይ የተንጠለጠለው?

ስመለስ ጋሽ ሰይድ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ገባንና ክሩን ሰጠኋቸው።

«ጋሼ፣ ይበጥሱልኝ።»

ሳቡት። ደግመው ሳቡት። «ናይለን ነው የሰጠሽኝ።»

«ከግራው ነው ያወረድኩት።»

«አይሆንም።»

«ከግራው ነው ጋሼ።»

«ታዲያ አንቺ ነሻ ያቀያየርሽው! እኔ ሰይድ ጥጥና ናይለን ሊጠፋኝ?»

በዚያ ሁሉ ዓመት ሲጮሁብኝ የመጀመሪያቸው ነበር። የመምህርት ትርሲትን ነገር ነገርኳቸው፤ የሔለንን፣ የቢላውን። እየሰሙ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሁለቱን ክር፣ ናይለኑንና መሳቢያ ውስጥ ያገኘሁትን የድሮ ጥጥ፣ በግራና በቀኝ ጣታቸው መሐል እያሹ ብዙ ቆዩ። ፊታቸውን ሳይ አወቅሁ። አይለዩትም።

«ለቅሶ አልነበረኝም ዛሬ» አሉ። «ሐኪም ጋ ነበርኩ። ስኳር አለብኝ የሺ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«በሽታው ቆይቷል። ጣቴ የሞተው ግን ከረመዳን ወዲህ ነው። ሻዩ ይሙቅ ይቀዝቅዝ የማውቀው አፌ ላይ ሲደርስ ነው። ዓይኔም ጭጋግ ለብሷል። ክሩን ከመርካቶ የገዛሁት በረመዳን መጨረሻ ነው። ያኔ ነው ጥጥ መስሎኝ ናይለን ገዝቼ የሰቀልኩት።»

ቁራጭ ላይ ሰፍተው መፈተን ያቆሙት መቼ እንደሆነ ትዝ አለኝ። እርግጠኝነት መስሎኝ ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ፈራሁ» አሉ። «የእጅ ሰው እጁ ሞተ ከተባለ ምን ይቀረዋል?»

ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር፤ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ሳየው አልቻልኩም። እሳቸው ግን ወዲያው ተነሱ። «ነይ፣ እናስታውስ» አሉ።

ደንበኞቻችንን በቃላችን ነበር የምንይዘው። እኔ መኪኖቹን በጨርቃቸው አስታውሳለሁ፤ እሳቸው በተቀመጡበት ስፖንጅ። «ያ ቡናማው፣ ጎኑ ቢጫ ጠርዝ ያለው» እላለሁ፤ «አዎ፣ ሰውየው ወደ በሩ ያጋድላል» ይላሉ። ከረመዳን ወዲህ የለበሱትን አንድ በአንድ ደረስንባቸው። ያሉበት እየሄድን፣ የኛን ስፌት ራሳችን እየፈታን፣ በጥጥ እየሰፋን መለስን። እሳቸው መቀሱን አይነኩም፤ አጠገቤ ቆመው «ፈትኛት» ብቻ ይላሉ። አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሠራተኞቹ ፊት ሰደበን። ሌላው ሳቀና «እኔን የሚጠብቀኝ እግዚአብሔር ነው እንጂ ክር አይደለም» አለ።

«እሱማ ልክ ነህ» አሉት ጋሽ ሰይድ። «እኔ ግን መንገድ ልዘጋበት አይገባኝም።»

በመጨረሻ አንድ መኪና ቀረን። የዳዊት።

ዳዊት ከኛ ጀርባ ከእናቱ ጋር ይኖር የነበረ ወጣት ነው። በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይነዳል። ግራጫ መኪናውን የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ልብስ ከነጭ ጠርዝ ጋር ያለበስነው እሱ መርጦ ነው፤ «ተሳፋሪ ሲገባ ሆቴል እንዲመስለው» ብሎ። ቤታቸው ስንሄድ ቦታው ሜዳ ሆኗል። ጎረቤቱም የለም። ስልኩ አይሠራም።

ያን ሰሞን የፈራሁትን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ጋሽ ሰይድ በየቀኑ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ይመጡና ለገሃር ሹፌሮች የሚቆሙበት እንሄዳለን። ዓይናቸው ስለማያደርሳቸው ክንዴን ይዘው «ይሄኛው ምን ቀለም ነው? ወንበሩስ?» ይሉኛል። ግራጫ መኪና በዚህ ከተማ ስንት እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። የአምቡላንስ ድምፅ በሰማን ቁጥር ቆመን እስኪያልፍ እንጠብቃለን። አንድ ቀን ወደ ላንቻ በሚወስደው መንገድ ሰው ተሰብስቦ አየን። «መሐል ላይ ግራጫ መኪና ጎኑ ገብቷል» አልኳቸው። ጋሽ ሰይድ ክንዴን ለቀቁና የመብራት ምሰሶ ያዙ።

«ሂጂ አንቺ። እኔ አልችልም።»

ሰውን እየገፋሁ ገባሁ። መስታወቱ ረግፏል። ጎንበስ ብዬ ወንበሩን አየሁ። ጥቁር ነው። ሾፌሩ ዳር ላይ ተቀምጦ ግንባሩን ይዟል፤ ሌላ ሰው ነው። የሌላ ሰው ልጅ ተጎድቶ «ተመስገን» አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ሹፌር ለገሃር ላይ ስሙን ስንጠራ ያወቀው።

«ዳዊት? ያ ቀይ ወንበሩ? እንዴ፣ ተጋጭቶ እኮ ነው። የጭነት መኪና በጎኑ ገባበት።»

«ሞተ?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ኧረ አልሞተም ጋሼ! ዳሌው ነው። መኪናዋ እዚህ ላንቻ ጋራዥ ነው ያለችው።»

ለምን መጀመሪያ ወደ ልጁ እንዳልሄድን ብትጠይቁኝ፣ ፈርተን ነው። ምን ብለን እንደምንገባ ማወቅ ነበረብን።

መኪናዋ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። የሾፌሩ በር ወደ ውስጥ ተጨርምቷል። የወይን ጠጁ ልብስ ላይ የጠቆረ ነገር አለ፤ ደም ይሁን ዘይት አልለየሁም። በተቃራኒው በር ገብቼ ወደ ጎኑ ተንጠራራሁ።

«የሺ፣ ተበጥሷል?»

«አልተበጠሰም ጋሼ።»

የተጣለ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ይሁን ሌላ አላውቅም። እኔ መቀሴን አወጣሁና ስፌቱን ፈታሁ። እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። ስፖንጅ። አሁንም ስፖንጅ። ደግሜ ዳሰስኩ። መካኒኩን ጠራሁት፤ በባትሪ አበራና ፉጨት አሰማ።

«ባዶ ነው እኮ። ይቺ ድሮም ውጭ አገር ተመትታ ነው የመጣችው። ከረጢቷ ያኔ ፈንድቷል፤ ማስጠንቀቂያ መብራቷንም ዘግተውባታል።»

ሮጬ ጋሽ ሰይድ ፊት ተንበረከክሁ። «ጋሼ፣ አልነበረም! ከድሮም አልነበረም! የኛ ክር አይደለም!» አለቀስኩ። ሰው ሲድን እንደሚያለቅሰው ነው ያለቀስኩት።

እሳቸው ግን አላለቀሱም። መዳፋቸውን ገልብጠው ያዩታል።

«ይሄ እጅ ያን ቀን በጎኑ አልፏል» አሉ። «እንደ ወትሮዬ አሳለፍኩት። ጤነኛ እጅ ቢሆን ባዶውን ያገኘው ነበር። ለልጁ እነግረው ነበር።»

«ጋሼ፣ ይሄንን ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። ነይ እንሂድ።»

ዳዊትና እናቱ እዚያው ላንቻ አንድ ክፍል ተከራይተዋል። ልጁ ፍራሽ ላይ በጀርባው ተኝቷል። ከስቷል። ጋሽ ሰይድ ኩርሲው ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ነገሩት፤ ክሩን፣ ጣታቸውን፣ ባዶውን ጎን። አንድም አላስቀሩም። እናቱ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ቆመዋል። ዳዊት ጣሪያውን እያየ ሰማ።

«ቢነግሩኝ ኖሮ ልተው ነበር መንዳቱን?» አለ። «አልተወውም ጋሼ። ሌላ ምን እበላለሁ?»

«አውቃለሁ።»

«ግን ሊነገረኝ ይገባ ነበር። ቢያንስ በግራዬ ምንም እንደሌለ አውቄ እነዳ ነበር።»

«አዎ ልጄ። ልክ ነህ።»

ይቅርታ አድርጌያለሁ አላለም። ጋሽ ሰይድም ይበል ብለው አልጠበቁም። ልንወጣ ስንል ዳዊት ከኋላችን ተናገረ። «ዳሌዬ ይድናል ብለውኛል። እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ተኝቼም መኪናው በግራዬ ይመጣል።»

ጋሽ ሰይድ በሩ ላይ ቆሙ። «እኔም እንደዚያው ነኝ» አሉት።

ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው ይጠይቁት ጀመር። ምን እንደሚጫወቱ አላውቅም። የኛ ረድፍም ፈረሰና ማሽኑን ወደ እኔ ቤት አመጣን። ጋሽ ሰይድ ከዚያ በኋላ አንድም አልቆረጡም፤ ደንበኛ ሲመጣ ግን የተሰፋውን ቁራጭ ለባለቤቱ ይሰጡና «አንተ በጥሰው» ይሉታል። ባለቤቱ በገዛ እጁ ሳይበጥስ መኪናው አይለብስም። እኔም የእጄ አንጓ አብጦ እስካቆምኩ ድረስ እንደዚያው ሠራሁ። እሳቸው አሁን ደሴ ልጃቸው ዘንድ ናቸው።

ከመሄዳቸው በፊት ግን ዳዊት ደወለ። መኪናዋ ተጠግናለች፣ ከረጢት ያለበት ወንበር ተገኝቶላታል፣ ልብስ ስፉልኝ አለ። ግቢው ድረስ ሄደን አለበስናት። ቁራጩን ራሱ በጠሰ። መዳፌን በጎኑ አሳለፍኩ።

«አለ?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«አለ።»

ዳዊት መሪው ኋላ ተቀመጠ፤ ቁልፉን ያዘ፤ አላዞረውም። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። እናቱ ከበሩ ላይ «ይቅር ዛሬ» አሉ። ጋሽ ሰይድ መኪናውን በእጃቸው እየዳሰሱ ዞሩና ከጎኑ ገብተው ተቀመጡ። እኔን «ነይ ከኋላ» አሉኝ።

ሞተሩ ተነሳ። ከግቢው እንደ እግረኛ ወጣን። ጋሽ ሰይድ የበሩን እጀታ ጨብጠዋል፤ እኔ የፊቱን ወንበር። ወደ ዋናው መንገድ መውጫው ላይ ስንደርስ ቆመ። ከኋላ ጥሩምባ ይነፋል። ዳዊት ፊት ለፊቱን ብቻ ነው የሚያየው፤ አንገቱ ወደ ግራ አልዞር ብሎታል።

«ጋሼ፣ በግራ የሚመጣ አለ?»

«እኔ አላይም ልጄ። የሺ፣ ንገሪው።»

ወደ ግራ አየሁ። «አንድ አውቶቡስ አለ፤ ቆይ።» አውቶቡሱ አለፈ፤ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። «አሁን የለም። ሂድ።»

አልሄደም። በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ አንገቱን ቀስ ብሎ፣ እንደ ዛገ በር፣ ወደ ግራ አዞረና ራሱ አየ። ከዚያ በኋላ ነው የነዳው።